በጣና የወንዝ መግቢያዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ መገጭና ድርማ ጣና ሐይቅን የሚቀላቀሉባቸው ቦታዎች ለዓይን ድፍርስ ውሃ፣ ጭቃና ደንገል ብቻ ናቸው። የሐይቁ ነጭ ዓሣ ግን አብዛኛው ዘሩን የሚተካው በእነዚህ ጥቂት በሮች አልፎ ነው። ቀረሶ የሚራባውም፣ አምባዛ ወደ ረግረጉ የሚወጣውም፣ ጉማሬ ወደ ግጦሽ የሚሻገረውም በዚያው ዙሪያ ነው። በሐይቁ መሐል የሚሠራ ጥፋት የሚነካው በአካባቢው ያለውን ዓሣ ነው፤ በሩ ላይ የሚሠራው ግን ከሐይቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል።

በክረምት መግቢያውን በመረብ መዝጋት

ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው የላቤዎባርበስ ወገን ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከየአቅጣጫው መጥተው መግቢያው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠራማ፣ ፈጥኖ የሚወርድና አየር የጠገበ ውሃ ነው። እንቁላሉን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ይህ የሚሆነውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

አስጋሪው መግቢያው ላይ መረብ ሲጥል በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። ዓሣው በዝቶ ይመስለዋል እንጂ የሩቁ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦለት ነው። በነሐሴ የተያዘ ነጭ ዓሣ ሆዱን በጣት ለስለስ አድርገው ወደ ጅራቱ ቢጫኑት ከሴቷ እንቁላል፣ ከወንዱ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዓሣ ዘሩን ሊያፈስ ጥቂት ቀን የቀረው ነበር። ዘገምተኛ አዳጊና ረጅም ዕድሜ የሚኖር ዓሣ ስለሆነ ደግሞ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ውጤቱ ተለክቷል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ላይ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1991–93 እስከ 1999–2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ከሚወጡት ዝርያዎች የሚገኘው የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የጫጩቶቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል። ጫጩቱ ከእናቶቹ የበለጠ መቀነሱ ችግሩ ከመራቢያው ላይ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረቡን ከመግቢያውና ከወንዙ ውስጥ አርቁ። ሁለት ሳምንት ብቻ ማረፍ አይበቃም፤ ዝርያዎቹ የሚወጡት ተራ በተራ ስለሆነ የሐምሌውን ቢያድኑ የመስከረሙ ይያዛል። አንድ አስጋሪ ብቻውን ቢያቆም ጎረቤቱ ይጥላል፤ ውሳኔው የማኅበሩ ሁሉ ካልሆነ ፋይዳ የለውም። ገዢም ድርሻ አለው፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ምግብ ቤቶች በእነዚህ ወራት ነጭ ዓሣውን ትተው ከመግቢያው ርቆ የተያዘ ቀረሶ ቢጠይቁ መረቡ የሚጣልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ብርብራ መበተን

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በፍሬው ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ በስንጥቡ በኩል ገብቶ ሰውነቱ አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ታፍኖ ይሞታል። መርዙ ትልቅ ትንሽ አይለይም። ለቃሚው የሚወስደው በዓይኑ የገባውን ትልቁን ነው፤ የጣት ጥፍር የማያክለው ጫጩትና የሚመገበው ነፍሳት ግን አብረው አልቀው ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህ ደግሞ በብዛት የሚደረገው ዓሣው ለእንቁላል በጠበበ ገባር ውስጥ ተጨናንቆ ባለበት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት መለሳለስ አያስፈልግም፤ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

የመረቡን ዓይን ሳይለኩ መግዛት

ነጋዴው የነገረዎትን ቁጥር አይመኑ። መረቡን አርጥበው አሥር ዓይኖችን በአንድ መስመር ወጥረው ይለኩና ለአሥር ያካፍሉ። በጣና ለሽያጭ የሚያሰግሩት የቆዩት መረቦች ዓይናቸው ተወጥሮ ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከዚህ ያነሰው ገና አንዴም ያልወለደውን ዓሣ ይይዛል። ባለ አንድ ክር የፕላስቲክ መረብ የባሰ ነው፦ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ በቀላሉ ይበጠሳል፣ ተበጥሶ የቀረውም ሳይበሰብስ ባለቤት የሌለው ወጥመድ ሆኖ መግደሉን ይቀጥላል።

ቀረሶ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። መረቡን ሲስቡ ጉንጯ ስር ያበጠ ወይም ከአፏ ቢጫ እንቁላል የሚፈስ ቀረሶ ካገኙ ከውሃው ሳያወጡ ቶሎ ይልቀቋት። አንድ ዓሣ ለቀው ብዙ ጫጩት ያተርፋሉ።

እስከ ውሃው ጫፍ ማረስ

ውሃው ሲሸሽ የሚገኘው መሬት ለም ነውና ያጓጓል። ነገር ግን ደንገሉና ፊላው ከሥሩ ሲነቀል ደለሉን የሚያጣራ፣ ጫጩቱን ከአዳኝ የሚሰውር፣ ለአምባዛ መራቢያ የሚሆን ነገር አብሮ ይነቀላል። ለታንኳ የሚሆነውን ደንገል ግንዱን ቆርጦ መውሰድ አይጎዳም፤ ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የሚያጠፋው ማረሱና ማቃጠሉ ነው። ከላይ ከሚታረሰው ተዳፋት የሚወርደው አፈርም በጠጠሩ መካከል ያለውን እንቁላል ያፍነዋል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወንዙን በድንጋይና በአፈር ጠርቅሞ ለመስኖ መጥለፍም በዚሁ ይቆጠራል። ጫጩቱ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ያኔ ነው። ከግድቡ ጎን ጥቂት ውሃ ሳያቋርጥ የሚወርድበት ክፍተት ይተዉ፤ የሞተር ፓምፑንም መሳቢያ አፍ ጠባብ ዓይን ባለው ወንፊት ይሸፍኑ።

የተነቀለ እምቦጭን ዳር ላይ መከመር

እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ የወንዝ መግቢያዎቹ ዋና መናኸሪያው ሆነዋል፤ ወንዙ ይዞት የሚመጣው የእርሻ ማዳበሪያ ይመግበዋል። ነቅሎ ውሃው ዳር መከመር ድካሙን ከንቱ ያደርጋል፤ የሚቀጥለው ሙላት ይመልሰዋል። ከግንዱ የተቆረጠ ቁራጭ ውሃ ላይ ሲቀርም ዳግም ይበቅላል፣ ዘሩም ለዓመታት በጭቃ ውስጥ ይቆያል። ክምሩ ሙላቱ ከሚደርስበት መስመር በላይ ወጥቶ እስኪደርቅ ይሰጣ፤ ነቀላውም ከማበቡ በፊት ይሁን።

በጉማሬና በውሃው መካከል መቆም

ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። አደጋው የሚበዛው በእነዚህ ሁለት ሰዓታት፣ በሄደበት ዱካ ላይ ነው። የሸሸው ወደ ውሃው መሆኑን ሳያውቁ መንገዱ ላይ የቆሙ ሰዎች ይጎዳሉ። በሣሩ ውስጥ በሁለት እግሮቹ ረድፍ የተረገጠ፣ መሐሉ ከፍ ያለ መንገድ ካዩ እዚያ ላይ አይቀመጡ፣ መረብም አይስሩ። በታንኳ ሲሄዱ የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያ መታ መታ ያድርጉ፤ ከሥር ያለው ሰምቶ ብቅ ይላል፣ እርስዎም ዞረው ያልፋሉ። አፉን በሰፊው ሲከፍት ማዛጋቱ አይደለም፣ ማስጠንቀቁ ነው።

ዝም ባለው ጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ መቆየት

አረም በበዛበት ጸጥ ያለ ጥግ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናቸው። ከነርሱ የሚወጣው ትል ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ይበዛል። መረብ ሲጎትቱ ወፍራም ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ለመታጠቢያ የተቀዳ ውሃ ከመጠቀም በፊት ሁለት ቀን በዕቃ ይቀመጥ ወይም ይፍላ። ልጆች በዚህ ጥግ እንዳይዋኙ ይከልክሉ፤ በሽንታቸው ወይም በሰገራቸው ደም ከታየ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯቸው።