የተሳቢ ሃዲድ ባለበት ፒክአፕ ላይ ደልዳላ ወለል እንዴት እንደሚሰራ

የጎረቤቴን ፍሪጅ ጭኜ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር እየወረድኩ ነበር። የፍሪጁ አንድ እግር ብረት ላይ፣ ሦስቱ ላሜራው ላይ ናቸው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ይወዛወዛል። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ዳር ይዤ ቆምኩና ገመዱን እንደ አዲስ አሰርኩት። ወለሉን ለመስራት የወሰንኩት እዚያው ቆሜ ነው።

መኪናዬ ትልቁ የአሜሪካ ፒክአፕ ነው። ከባድ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ስለሆነ ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ላይ ከጎን ወደ ጎን የተጋደሙ ሁለት ወፍራም ብረቶች አሉበት። መጎተቻው የሚሰካው እነሱ ላይ ነው። እዚህ ሃዲድ እላቸዋለሁ። "ንቀላቸውና ተገላገል" የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ብሎናቸው ካሶኒውን በስቶ ከታች ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ነው። የዛገ ብሎን ሲፈታ ይበጠሳል፤ ቀዳዳው ደግሞ ይቀርና ውሃ ያስገባል። ነገ ተሳቢ መጎተት ብትፈልጉስ? ሃዲዱ ባለበት ይቀመጥ፣ ወለሉ ወደ እሱ ከፍ ይበል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የሃዲዱን ከፍታ የምትለኩት ከካሶኒው ሸንተረር አናት ጀምራችሁ ነው፣ ከጎድጓዳው አይደለም። ግራ፣ መሃልና ቀኝ ላይ ለኩ። የእኔ 36 ሚሊ ወጣ። ባለ 18 ሚሊ ማሪን ፕላይውድ ሁለት ጊዜ ሲነባበር ልክ 36 ይሆናል። ከስሩ 2 ሚሊ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ሲገባ 38። ያቺ 2 ሚሊ ትርፍ ሆን ተብላ የተተወች ናት። እንጨቱ ከብረቱ በትንሹ ከፍ ካለ፣ የምትገፉት ዕቃ የሃዲዱ ጠርዝ ላይ አይያዝም። የእናንተ ሃዲድ 30 ሚሊ ከሆነ ከታች 12 ሚሊ፣ ከላይ 18 ሚሊ አድርጉ።

ለእኔ አንድ ተኩል ፕላይውድ በቃኝ። የአንዱ መጠን 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከመነዳሪውን ጎሚስታ ቤት ጠይቁ፣ አሮጌ አይጠፋም። ብሎን፣ ሮንዴላ ወይም ማሰሪያ ከጎደላችሁ ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ።

ሃዲዶቹ ካሶኒውን ለሦስት ይከፍሉታል። ስለዚህ ወለሉም ሦስት ቁራጭ ነው፤ የፊት፣ የመሃልና የኋላ። እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት ካርቶን ቁረጡ። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ጥሩ ነው። ካርቶኑን ዘርግታችሁ የጎማውን ጉብታና የብሎኖቹን ራስ በእርሳስ ተከተሉ። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ይገኛል፤ ፕላይውድ ግን ውድ ነው። ልኩ ሲስማማ እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ አስምሩ። መቁረጫ ማሽን ከሌላችሁ እንጨት ቤት ውሰዱት፣ ቀጥ አድርገው ይቆርጡላችኋል።

በዙሪያው ክፍተት ተዉ። ሁለት የክብሪት እንጨት ጎን ለጎን የሚገባበት ያህል ይበቃል። እንጨት በክረምት ያብጣል። ክፍተት ካላገኘ መሃሉ ይጎብጣል፣ ያኔ የለፋችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የታችኛውን ንጣፍ ሙሉ አታድርጉት። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች ቁረጡትና ከፊት ወደ ኋላ፣ በሸንተረሮቹ አናት ላይ አስተኙ። የካሶኒው ውሃ የሚወርደው በጎድጓዶቹ በኩል ነው። ዘንጎቹን አግድም ካደረጋችሁ ከስር የሚፈሰውን ሁሉ ትገድባላችሁ። ሐምሌ ላይ ከወለሉ ስር ኩሬ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፣ ላሜራው ይዝጋል። በዘንጎቹ መካከል ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አትተዉ። ጫፋቸው እስከ ሃዲዱ ድረስ ይድረስ፤ ጠርዙ ድጋፍ ካጣ ሰው ሲቆምበት ይረግባል።

ዘንጎቹን ከላይኛው ጋር በማጣበቂያና በ30 ሚሊ ቪቴ ከስር አያይዙ። ቪቴው ከሁለቱ ንጣፎች ድምር ውፍረት ካላጠረ በላይ ብቅ ይላል፤ ከታች 12 ሚሊ ያደረጋችሁ ከ30 ያነሰ ተጠቀሙ። ከመነዳሪውን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ከዘንጎቹ ስር ለጥፉ፤ ድምፅ ያፍናል፣ የካሶኒውን ቀለምም ከመፋቅ ያድናል።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡ። ፕላይውድ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጎኑ ነው። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚሏችሁን አትስሙ። ለአጥር እንጨት ይሆናል፣ እዚህ ግን የሰው ፍራሽ ያበላሻል፣ ጫኝ አውራጁንም ያንሸራትታል።

ወለሉን ለማሰር ብላችሁ ካሶኒውን አትብሱ። ከስሩ የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦ አለ። ቁራጮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሃዲዶቹና የኋላው በር ይይዟቸዋል፤ ወደ ጎን ጉብታዎቹ። የሚቀረው ወደ ላይ መነሳት ብቻ ነው። ባዶ ስትነዱ በማሰሪያ ከካሶኒው ቀለበቶች ጋር ወጥሯቸው።

ደልዳላነቱን በውሃ ልክ አትመልከቱ። ፒያሳም ሆነ ተክለሃይማኖት መኪናው የሚቆምበት መንገድ ራሱ ዘንበል ያለ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ከፊት እስከ ኋላ አጋድማችሁ በስሩ ብርሃን ይታይ እንደሆነ እዩ። ከዚያ የሞላ የለስላሳ ሳጥን ከኋላው በር እስከ ጋቢናው ድረስ ግፉ። የሚይዘው ቦታ ካለ እርሳስ አድርጉበትና እዚያን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አውርዱት፤ የተነካውን ቦታ ቫርኒሽ ድገሙት።

የሃዲዱ ቀዳዳዎች ውስጥ አሸዋና ጭድ እንዳይገባ የከመነዳሪ ቁራጭ ጎስጉሱባቸው። ተሳቢ የምትጎትቱ ቀን ግን ቁራጩን አውጡና ቀዳዳውን በውሃ እጠቡ። መጎተቻውን ከሃዲዱ ጋር የሚቆልፈው ብረት እስከ መጨረሻው መግባቱን በእጃችሁ ካላረጋገጣችሁ አትንቀሳቀሱ።