ለስላሳ ሲጋር ጣዕም ሲያጣ ወይም ሲመርር

"ምንም ጣዕም የለውም!" ለስላሳ ሲጋር፣ ማለትም ጠንካራ ያልሆነውንና ጣዕሙ ቀለል ያለውን፣ የቀመሰ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ይላል። እኔም ብዬዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሲጋሩ ሳይሆን የአጫጫሳችን ነው።

ጣዕም የለውም
መጀመሪያ አፋችሁን ጠርጥሩ። ቅመም የበዛበት ምግብ ከበላችሁ ምላሳችሁ ስስ ጣዕም አይለይም። በውሃ ተጉመጥመጡና ትንሽ ቆዩ።
አሁንም ካልመጣ አፍንጫችሁን አልተጠቀማችሁም ማለት ነው። ምላስ ጣፋጩን ከመራራው ይለያል እንጂ እንደ ለውዝ ያለውን ስስ ጣዕም አያውቅም፤ እሱን የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ጭሱን ወደ ሳንባ አታስገቡ። አፋችሁ ውስጥ ያዙት፣ አብዛኛውን በአፍ አስወጡት፣ የቀረችውን በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የለውዙ፣ የክሬሙ፣ የደረቅ ሣሩ ሽታ ያኔ ብቅ ይላል። ጠንካራ ሲጋር እንዲህ ሲደረግ አፍንጫ ይለበልባል። ለስላሳው ግን ኮርኮር አድርጎ ያልፋል። ይህን ለመልመድ ከሱ የተሻለ የለም።

ይመርራል፣ ምላስ ያቃጥላል
ቶሎ ቶሎ ስባችሁታል። ቅጠሉ ሲግል ስሱ ጣዕም ተቃጥሎ ያልቃል፣ ምሬቱ ይቀራል። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። አሁን ከመረረ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ከዚያ ከመሳባችሁ በፊት በሲጋሩ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ንፉ፣ የታመቀው ጭስ ይወጣል።
ገና ከመጀመሪያው ከመረረ አለኳኮሱን እዩ። ጫፉን እሳቱ ውስጥ አትክተቱ፤ ከነበልባሉ ከፍ አድርጋችሁ እያዞራችሁ አሙቁት። በክብሪት ከሆነ የክብሪቱ ጭንቅላት ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ።

እየጠፋ ያስቸግራል
እርጥበት በዝቶበታል። ማስቀመጫው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ጥሩ ነው። ከደረቀ ደግሞ ቶሎ ይነድዳል፣ ይግላል። የደረቀውን ግን በአንዴ አታርጥቡት፣ የላዩ ቅጠል ይሰነጠቃል።

አሞኒያ ይሸታል
ትምባሆው በደንብ አልበሰለም፤ ቅጠሉ መብላላቱን አልጨረሰም ማለት ነው። ዛሬ የሚደረግለት ነገር የለም። ለወራት አስቀምጡት።

ራስ ያዞራል
በባዶ ሆድ ወይም በጥድፊያ አጭሳችኋል። ኒኮቲን በአፍ በኩልም ይገባል። ወዲያው አቁሙ፣ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። "ለስላሳ" ማለት "የማይጎዳ" ማለት አይደለም። ጭሱን ባትውጡትም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል።

መጨረሻው ላይ ከበደ
ይህ ጉድለት አይደለም። የጭሱ ሬንጅ (ታር) እና እርጥበቱ ወደ አፍ በኩል እየተጠራቀመ ይመጣል። ፍርዳችሁን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛዎች ውሰዱ፣ ሲከብድ ተዉት። ካልጣማችሁም ከዚያው ሳጥን ሌላ አንድ፣ በሌላ ቀን ቅመሱ።