ልጃችሁ ከድሬ ይዞት የመጣውን ሒሳብ አታስጥሉት

አሜሪካ በገባን ሰሞን የእህቴን ልጅ ሃይስኩል ለማስመዝገብ አብሬ ሄድኩ። ልጅቷ ድሬዳዋ 10ኛ ክፍል ጨርሳ ነው የመጣችው። በሒሳብ ቀልድ አታውቅም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ትራንስክሪፕቱን ገለባበጠች። 9ኛ ክፍል «ሒሳብ» ይላል። 10ኛም «ሒሳብ» ይላል። ሌላ ነገር የለም። ከዚያ አልጀብራ ዋን ውስጥ አስገባቻት። እህቴ «አቦ፣ እነሱ ያውቃሉ» ብላ ፈረመች። እኔም ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ዛሬ ቢሆን ዝም አልልም።

እዚህ አገር ሒሳብ መሰላል አለው። አልጀብራ ዋን፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ቱ፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አንድ ዓመት ይፈጃል። 11ኛ ክፍል ላይ ከታች የጀመረ ልጅ 12ኛን ሲጨርስ ገና ጂኦሜትሪ ላይ ነው። ይህ ልጅ ኢንጂነሪንግ ፈልጎ ፉክክር ያለበት ኮሌጅ ሲያመለክት፣ አብረውት የሚያመለክቱት ብዙዎቹ ካልኩለስ የተማሩ ናቸው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የተፈረመች አንዲት ወረቀት ናት ወደ ኋላ ያስቀረችው።

እኛ አገር አልጀብራውም ጂኦሜትሪውም ትሪጎኖሜትሪውም በአንድ መጽሐፍ ተጠርዞ ነው የሚሰጠው። አማካሪዋ ይህን በምን ታውቃለች? እኛን ያዳነን የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። ከድሬ በመንገደኛ አስመጣነው። በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ተለብዷል፣ ጠርዙ በላብ ወይቧል። ደግነቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው በእንግሊዝኛ ነው። አማካሪዋ ማውጫው ላይ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ። ቀና ብላ አየችንና የሒሳብ መምህሩን ጠራችው። ልጅቷ የምደባ ፈተና ተፈተነች። ጂኦሜትሪና አልጀብራ ቱን በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ወሰደች፤ 12ኛ ላይ ፕሪካልኩለስ ደረሰች። ከመጀመሪያው ብንጠይቅ ኖሮ ካልኩለስም ትደርስ ነበር። እሱ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ገና ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብላችሁ ቪዛ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከ23 ኪሎው ሻንጣ በርበሬውን ቀነስ አድርጉና የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍቱን ክተቱ። በርበሬ እዚህም አይጠፋም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ በታሸገ ፖስታ ያዙ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ አውጡት። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። «2016» ብቻ ካለ፣ ልጁ ለዓመታት ትምህርት ያቋረጠ ሊመስላቸው ይችላል።

ሳይንሱም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። እኛ ዘንድ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በየዓመቱ አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ብዙውን ጊዜ አንዱ በአንድ ዓመት ነው። ለየትኛው ክሬዲት (ለምረቃ የሚቆጠር ነጥብ) እንደሰጡና የትኛውን እንደዘለሉ በወረቀት ጠይቁ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ ልጁ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክፍል) ቢገባ አትቆጡ፤ ይጠቅመዋል። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ያ ክፍል ለምረቃ ከሚያስፈልገው፣ ብዙውን ጊዜ የ4 ዓመት ከሆነው እንግሊዝኛ ይቆጠራል ወይስ እንደ ተመራጭ ትምህርት ነው የሚያዘው? ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ደከመ ተብሎ ሒሳቡም ለምን ወደ ታች ይወርዳል? «ኤክስ» እንደሆነ ድሬም ኤክስ ነው፣ ቨርጂኒያም ኤክስ ነው። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የማይመቸውን ዘሎ ነው የሚተረጉምላችሁ።

ኤፒ የሚባለውን ትሰማላችሁ። በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ትምህርት ነው። ፈተናው ግንቦት አካባቢ ነው፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ብዙ ኮሌጆች ለ3 ወይም ለ4 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ይሰጣሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነባቸው ቤተሰቦች የፈተናው ክፍያ ይቀነሳል፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ። አዲስ ገቢ ልጅ ግን በኤፒ የአሜሪካ ታሪክ ባይጀምር ይሻለዋል። ንባቡ ናላ ያዞራል። ጠንካራ በሆነበት ይጀምር፤ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ፣ ፊዚክስ ከሆነ ፊዚክስ። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። የጎረቤት ልጅ አምስት ወሰደ ተብሎ አምስት መጫን ጂፒኤውንም (አማካይ ውጤቱንም) እንቅልፉንም ማበላሸት ነው።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ልጁ ኮሌጅ ሲያመለክት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለ እሱ ፎርም ይሞላል። እዚያ ላይ ልጁ የወሰዳቸው ትምህርቶች ትምህርት ቤቱ ካለው አንጻር ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ይጠየቃል። ኮሌጁ የሚያየው ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ካቀረበው ውስጥ ምን እንደመረጠም ያያል። ትምህርት ቤቱ የሌለውን ኤፒ አልወሰድክም ብሎ የሚቀጣ የለም። 12ኛ ክፍል ላይ ግን «አሁንስ ደከመኝ» ብሎ ቀላል ቀላሉን መልቀም ያስታውቃል።

አማርኛውንም አትርሱ። አንዳንድ ዲስትሪክቶች (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት) ልጁ አማርኛ ማንበብና መጻፉን በፈተና አረጋግጠው የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጡታል። ያኔ የስፓኒሽ ሰዓቱ ለሌላ ትምህርት ይተርፋል።

በነገራችን ላይ ያ መጽሐፍ አሁን እኛ ጋ የለም። ባለፈው መስከረም ከሳቢያን ለመጣ ልጅ ሰጠነው። እናቱ አማካሪዋ ቢሮ እስክትገባ ድረስ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ነበር።