ለነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር የሚሆን የኒዮቢየም ካቪቲ አዘገጃጀት፦ ከዝርግ ብረቱ እስከ 2 ኬልቪን ፍተሻ

ነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር ብርሃኑን የሚያገኘው በጠጣር ወይም በጋዝ ውስጥ ካሉ አቶሞች ሳይሆን፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት እጅግ ተጠግተው በማግኔቶች ረድፍ መካከል ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ከሚያልፉ ኤሌክትሮኖች ነው። ሐሳቡን ጆን ማዴይ እ.ኤ.አ. በ1971 አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀውና ከሃምቡርግ እስከ ሼነፌልድ 3.4 ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች የተዘረጋው የአውሮፓ ኤክስሬይ ነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር ደግሞ ኤሌክትሮኖችን እስከ 17.5 ጊጋኤሌክትሮንቮልት አድርሶ በሰከንድ እስከ 27,000 የኤክስሬይ ብልጭታዎችን ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹን ለዚህ ኃይል የሚያበቁት፣ በውስጣቸው የሬዲዮ ሞገድ የሚመላለስባቸው ወደ 800 የሚጠጉ ባዶ የኒዮቢየም ክፍሎች ሲሆኑ፣ እነዚህም ካቪቲ ይባላሉ። ይህ መመሪያ አንድ ካቪቲ እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ሲሆን፣ የተጻፈውም በፊዚክስ፣ በቁሳቁስ ሳይንስ ወይም በሜካኒካል ምሕንድስና ሠልጥነው ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ አንባቢያን ነው።

ከሥራው በፊት ግቡን በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። በሃምቡርግ የተመረጠው ቅርጽ ዘጠኝ ህዋሶች (በረድፍ የተያያዙ፣ ወገባቸው የሰፋ ክፍሎች) ያሉት፣ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝምና በ1.3 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ነው። በዲዛይኑ መሠረት በእያንዳንዱ ሜትር 23.6 ሜጋቮልት መስጠት ይኖርበታል፤ የጥራት መለኪያውም ቢያንስ 10 ቢሊየን መሆን አለበት። ይህ መለኪያ በካቪቲው ውስጥ የተከማቸው ኃይል በግድግዳው ላይ ምን ያህል በዝግታ እንደሚባክን ይነግረናል። መለኪያው 10 ቢሊየን የሆነ ካቪቲ የሞገድ ምንጩ ቢቋረጥበት ኃይሉ ከሰከንድ ለበለጠ ጊዜ በውስጡ ይቆያል፤ ከመዳብ በተሠራ ተመሳሳይ ካቪቲ ውስጥ ግን በጥቂት ማይክሮሰከንዶች ይጠፋል። ልዩነቱ የመጣው ኒዮቢየም ከ9.2 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ ስለሚሆን ነው። ሞገዱ የሚነካው ግን ከውስጠኛው ገጽ አንድ ማይክሮሜትር እንኳ የማይሞላ ውፍረት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሥራ በሙሉ ያን ስስ ሽፋን ለማንጻትና ንጽሕናውን ለመጠበቅ የሚደረግ ነው።

የብረቱ ምርጫና ብየዳ

ሥራው የሚጀምረው 2.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የኒዮቢየም ዝርግ ነው። ዝርጉ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ብረቱ በክፍል ሙቀት ያለው የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ በጥልቅ ቅዝቃዜ ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው፤ ለዚህ ሥራ ውጤቱ ወደ 300 ሊሆን ይገባል። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ሙቀትን ካቪቲውን ወደሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሂሊየም የማስተላለፍ ችሎታው ይጨምራል፤ በገጹ ላይ የምትገኝ ትንሽ እንከን የምትፈጥረው ሙቀትም ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሳያፈርስ ይወጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ዝርግ በኤዲ ከረንት መመርመሪያ (በማግኔት አማካይነት በብረቱ ውስጥ በሚቀሰቀስ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንከን በሚፈልግ መሣሪያ) ይቃኛል፤ ዓላማውም በኒዮቢየሙ ውስጥ የተቀበረ የተራ ብረት (አይረን) ወይም የታንታለም ቅንጣት ካለ ማግኘት ነው። ታንታለም በተለይ የሚያሳስበው በተፈጥሮ ከኒዮቢየም ጋር በአንድ ማዕድን ውስጥ ስለሚገኝና በኬሚካዊ ባሕርይው በጣም ስለሚመስለው ነው። በአገራችን በጉጂ፣ በቀንጢቻ የሚገኘው የታንታለም ማዕድንም ሁለቱን አብሮ የያዘ በመሆኑ፣ የማዕድን ተማሪዎቻችን የመለየቱን አስቸጋሪነት ከቅርብ ሊያጠኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

የተመረመረው ዝርግ በመጭመቂያ ተጭኖ የጽዋ ቅርጽ ይይዛል፤ ሁለት ጽዋዎች በጠባቡ አፋቸው፣ ከዚያም ጥንዶቹ በሰፊው ወገባቸው ይበየዳሉ። ብየዳው የሚከናወነው በቫክዩም ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር ብቻ ነው፤ የጋለ ኒዮቢየም ኦክስጅንን፣ ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን ስለሚመጥ፣ በተራ ብየዳ ቢሠራ በብዙ ወጪ የተገኘው የብረቱ ንጽሕና በመጋጠሚያው ላይ ይጠፋል። ከብየዳ በፊት ጠርዞቹ በአሲድ በጥቂቱ ተልጠው፣ በንጹሕ ውኃ ታጥበውና ደርቀው ሳይዘገዩ ወደ ቫክዩሙ መግባት አለባቸው። የወገቡ መጋጠሚያ ከፍተኛው የማግኔት መስክ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ከውስጥ በኩል ለስላሳ መሆኑን፣ ጉድጓድም ሆነ የብረት ፍንጣሪ አለመኖሩን በካሜራ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

የአሲድ ሥራ

በመጭመቅና በብየዳ ጊዜ የውስጠኛው ገጽ ተጎድቷል፤ ስለዚህ ወደ 150 ማይክሮሜትር የሚሆን ውፍረት መነሣት አለበት። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሃይድሮፍሎሪክ፣ የናይትሪክና የፎስፎሪክ አሲዶችን አንድ፣ አንድና ሁለት እጅ አድርጎ በመቀላቀል ካቪቲውን ማጠብ ነው፤ ቀላል ቢሆንም በብረቱ የክሪስታል ወሰኖች ላይ ደረጃ መሰል ሸካራነት ትቶ ያልፋል። ሁለተኛው ዘጠኝ እጅ ሰልፈሪክና አንድ እጅ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ባለበት ውህድ ውስጥ፣ ካቪቲውን እያዞሩ በመካከሉ ባለ የአሉሚኒየም ዘንግ አማካይነት የኤሌክትሪክ ፍሰት በማሳለፍ ማለስለስ ነው። ከፍተኛ መስክ ለሚፈለግበት ካቪቲ፣ ውድና አድካሚ ቢሆንም፣ ሁለተኛውን መንገድ እመክራለሁ። በሁለቱም መንገዶች የአሲዱ ሙቀት በጥብቅ መጠበቅ አለበት፤ ሙቀቱ ከፍ ካለ ብረቱ ብዙ ሃይድሮጅን ይመጥጣል፣ ገጹም ይሻክራል።

እዚህ ላይ ስለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ነው። ይህ አሲድ ቆዳን ሲነካ ወዲያው ላያሳምም ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይጣመራል፣ የነካው የሰውነት ክፍል ሰፋ ካለም የልብን ምት እስከማወክና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለሆነም ማንም ሰው ብቻውን አይሠራበትም፤ ሙሉ የፊት መከለያ፣ አሲድ የማያሳልፍ ልብስና ጓንት ግድ ነው፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በእጅ በሚደረስበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በአቅራቢያ ያለው ሐኪም ቤትም ይህ አሲድ በቦታው እንደሚሠራበት ቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ያልተሟላበት ቤተ ሙከራ የአሲዱን ሥራ ልምድ ላለው ድርጅት ይስጥ እንጂ አይሞክረው።

እቶንና ማስተካከያ

ከአሲዱ ቀጥሎ ካቪቲው በቫክዩም እቶን ውስጥ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ሙቀት ብረቱ በሥራው ሁሉ የመጠጠው ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ፣ በማቀዝቀዝ ጊዜ ካቪቲው ከ150 እስከ 75 ኬልቪን ባለው ክልል በዝግታ ሲያልፍ ሃይድሮጅኑ ከኒዮቢየም ጋር ተዋሕዶ ውህዱ በገጹ ላይ ስለሚረጋ፣ የጥራት መለኪያው በብዙ እጥፍ ይወርዳል።

በእቶኑ ሥራ ላይ የዚህ ዘመን ትልቁ ግኝት የተገኘው በአሜሪካ በፌርሚላብ ቤተ ሙከራ፣ አና ግራሴሊኖ በመራችው ምርምር ነው። በሙቀቱ መጨረሻ ጥቂት ናይትሮጅን ለደቂቃዎች ወደ እቶኑ ገብቶ፣ በኋላም ከገጹ ጥቂት ማይክሮሜትር በኤሌክትሪክ ሲነሣ የጥራት መለኪያው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ ብርሃኑን የሰጠው የካሊፎርኒያው ነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር፣ ኤልሲኤልኤስ-ሁለት፣ በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ ካቪቲዎችን ይጠቀማል፤ የጥራት መለኪያው መስፈርትም በ16 ሜጋቮልት በሜትር 27 ቢሊየን ነው። ትርጉሙን በስሌት ማየት ይቻላል፦ ያለማቋረጥ በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ካቪቲ ወደ 10 ዋት ሙቀት ብቻ ያመነጫል፤ መለኪያው 10 ቢሊየን ቢሆን ግን ሙቀቱ ወደ 27 ዋት ይደርስ ነበር። በ2 ኬልቪን አንዷን ዋት ለማስወገድ የማቀዝቀዣው ፋብሪካ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ፣ በብዙ መቶ ካቪቲዎች ሲባዛ ልዩነቱ የመሣሪያውን ዕጣ የሚወስን ይሆናል።

ከእቶን የወጣው ካቪቲ ለስላሳ ስለሚሆን ማስተካከያው አሁን ይከናወናል። በቀጭን ክር ላይ የታሰረች ዶቃ በካቪቲው መሐል ቀስ ብላ ትጎተታለች፤ በእያንዳንዱ ህዋስ ስታልፍ የምታስከትለው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ በዚያ ህዋስ ያለውን የመስክ መጠን ያሳያል። ደካማ ወይም ብርቱ ሆነው የተገኙት ህዋሶች ተስበው ወይም ተጨምቀው ዘጠኙም እስኪተካከሉ ድረስ ሥራው ይደገማል። የጠቅላላው ካቪቲ ርዝመት በአንድ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ ፍሪኩዌንሲው ወደ 300 ኪሎኸርትዝ ስለሚለወጥ እጅ መፍጠን የለበትም።

ማጠብና መግጠም

ከቀላል የመጨረሻ ልጠት በኋላ ካቪቲው ወደ ንጹሕ ክፍል ይገባና እጅግ በተጣራ ውኃ፣ በ100 ባር ግፊት፣ የውኃ መርጫውን በመሐሉ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ለሰዓታት ይታጠባል። ከዚህ በኋላ የምትገባ አንዲት የአቧራ ቅንጣት በከፍተኛ መስክ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን መትፋት ትጀምራለች፤ እነሱም ግድግዳውን እየመቱ ሙቀትና ኤክስሬይ ይፈጥራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ብሎን የቅንጣት ቆጣሪው ዝም እስኪል ድረስ በተጣራ ናይትሮጅን ይነፋል፤ ሠራተኛው ከተከፈተው አፍ በላይ እጁን አያሳልፍም፤ አየሩም ሲወጣ በቧንቧው የቀረ አቧራ እንዳይናወጥ በዝግታ ይመጠጣል። በናይትሮጅን ያልተዘጋጀ ካቪቲ በመጨረሻ በቫክዩም እንደተዘጋ በ120 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይሞቃል፤ ይህም በከፍተኛ መስክ ላይ የሚታየውን የጥራት መውደቅ ያስቀራል።

ፍተሻና እርማት

ካቪቲው የምድርን ማግኔት በሚከልል ሽፋን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 2 ኬልቪን ይወርዳል፤ መስኩ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እየተደረገ የጥራት መለኪያውና የኤክስሬዩ መጠን በየደረጃው ይመዘገባሉ። ውጤቱ ካላረካ ወደ አሲዱ አይቸኩሉ፤ በመጀመሪያ መለኪያው ከመስኩ ጋር እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳየውን ኩርባ ቅርጽ ያንብቡ። መለኪያው ከፍ ባለ መስክ ላይ ከኤክስሬይ ጋር አብሮ ከወደቀ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅንጣት ነው፤ በግፊት ውኃ ድጋሚ ማጠብ ይበቃ ይሆናል፤ ለሃምቡርጉ መሣሪያ ከተሠሩት ካቪቲዎች ደካማ የነበሩት ብዙዎቹ የተሻሻሉት በዚህ ብቻ ነው። ኤክስሬይ ሳይታይ ሱፐርኮንዳክተርነቱ በድንገት ከፈረሰ እንከኑ በአንድ ቦታ ያለ ስለሆነ፣ ቦታውን በሙቀት መለኪያዎች ፈልገው በካሜራ ይመልከቱት፤ ጉድጓድ ወይም እብጠት ከሆነ ያን ስፍራ ብቻ ፍቀው ቀላል ልጠት ያድርጉ። መለኪያው ከዝቅተኛው መስክ ጀምሮ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማግኔት መከለያውን፣ ቀጥሎም የእቶኑን መዝገብ ይፈትሹ።