የኮርስ ማቴሪያልን ወደ አዲስ የኦንላይን መማሪያ ፕላትፎርም እንዴት እናዛውራለን?

ኮሌጁ የመማሪያ ፕላትፎርሙን ሊቀይር ነው ሲባል የመምህራን የመጀመሪያ ጥያቄ «ፋይሎቼ ይጠፉ ይሆን?» የሚል ነው። ፋይል እምብዛም አይጠፋም። ፒዲኤፉም ስላይዱም በሰላም ይሻገራል። የሚበላሸው ሌላ ነው፦ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስደው ሊንክ፣ ጥያቄ መሀል የገባው ምስል፣ የፈተናው ሰዓት፣ የማርክ አደማመሩ። ክፋቱ ደግሞ እነዚህ በመምህሩ ስክሪን ላይ ደህና መስለው ይታያሉ። ተማሪው ጋ ሲደርሱ ነው ጉዳቸው የሚወጣው።

መጀመሪያ አጽዱ

አሮጌውን ኮርስ ከላይ እስከ ታች እዩት። ዘመኑ ያለፈ ማስታወቂያ፣ የማይከፈት ሊንክ፣ «ፋይናል» እና «የመጨረሻ ፋይናል» ተብለው የተሰየሙ ተመሳሳይ ስላይዶች ታገኛላችሁ። እዚያው አጥፏቸው። «ለማንኛውም ይሂድ፣ እዚያ አጸዳዋለሁ» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። አዲሱ ቦታ ላይ ሁሉም ነገር እንግዳ ስለሚሆንባችሁ የሚፈለገውን ከማይፈለገው መለየት ይከብዳል።

እግረ መንገዳችሁን የፋይል ስሞችን አስተካክሉ። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ዚፕ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ስሙ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የቆዩ የዚፕ ፕሮግራሞች ስምን በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የግዕዝንም ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በሚይዘው የአጻጻፍ ደረጃ፣ ስለማይጽፉ ነው። የፋይሉ ውስጥ አይነካም። ግን ያን ሁሉ ፋይል አንድ በአንድ እየከፈቱ «ይሄ የቱ ነበር?» ማለት ያሰለቻል። በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር አጭር ስም ስጧቸው። ለተማሪው የሚታየውን ርዕስ በኋላ በአማርኛ ትጽፋላችሁ።

ሁለት ነገር አውርዱ

አንደኛው የኮርሱ ሙሉ ጥቅል ነው። ሙድል በሚባለው ፕላትፎርም ላይ ባክአፕ ይባላል፤ ካንቫስና ብላክቦርድ በሚባሉት ላይ ኤክስፖርት። አዲሱ ፕላትፎርም የአሮጌውን ጥቅል እንዳለ የሚቀበል ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። ለምሳሌ ካንቫስ የሙድልንም የብላክቦርድንም ይቀበላል። ካልተቀበለ ኮመን ካርትሪጅ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ፕላትፎርሞች እርስ በርስ እንዲግባቡበት የተዘጋጀ የጋራ ደረጃ ነው። የጋራ በመሆኑ ግን የሚይዘው ሁሉም የሚያውቁትን ብቻ ነው። አንድ ፕላትፎርም ለብቻው ያለው ነገር በመንገድ ይቀራል።

ሁለተኛው የተማሪዎች ማርክ ነው። ኮመን ካርትሪጅ ውስጥ የተማሪ ውጤትም ሆነ ያስገባው አሳይመንት የለም። ማርኩን ለብቻው በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ (ሰንጠረዥን በኮማ እየለየ በሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውርዱ፤ የገቡትን አሳይመንቶችም እንዲሁ። ሲኤስቪውን ከፍታችሁ የአማርኛ ስሞች ተዝረክርከው ከታዩ አትደንግጡ፣ ፋይሉ ደህና ነው። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና ከዳታ ሜኑ ፋይሉን አስገቡ፤ የፊደል ዓይነት ሲጠይቃችሁ ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ። እንደተዝረከረከ ሴቭ ያደረገ ሰው ስሞቹን መልሶ ማግኘት ይቸግረዋል።

የሙከራ ኮርስ ላይ ጫኑ

ተማሪ ያልተመዘገበበት ባዶ ኮርስ አስከፍቱና ጥቅሉን እዚያ ጫኑ። ሲጨርስ የሚያወጣውን የስህተት ዝርዝር አንብቡት፤ ብዙ ሰው ሳያየው ይዘጋዋል። ቀኖችን ወደ አዲሱ ሴሚስተር የሚያንሸራትት ምርጫ ካለ ተጠቀሙበት። ካንቫስ ሲጫን ይጠይቃል፤ ሙድል ደግሞ የኮርሱን መጀመሪያ ቀን ይዞ ሌሎቹን ያስተካክላል።

ሊንክና ምስል፦ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ

ብዙ መምህር የሚወደው አቋራጭ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ፔስት ማድረግ ነው። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ምስል ወይም ሊንክ ካለበት ግን በፍጹም አልመክረውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ምስሉ የተሻገረ ይመስላል እንጂ የተሻገረው አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ብቻ ነው። ምስሉ ራሱ አሁንም አሮጌው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። አዲሱን ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘራችሁ ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ ያመጣዋል። እናንተ እዚያ ሎግ ኢን እንዳደረጋችሁ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ጥያቄ ይሰጠዋል። አዲስ የገባው ተማሪ ግን እዚያ አካውንት የለውም። የሚያየው የተሰበረ ምስል ምልክት ነው። አሮጌው ፕላትፎርም የተዘጋ ዕለት ደግሞ ምስሉ ከእናንተም ስክሪን ይጠፋል።

ስታቲስቲክስ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጥያቄው «ከታች ያለውን ግራፍ ተመልክታችሁ መልሱ» ይላል። ከታች ነጭ ባዶ ቦታ ነው። ተማሪዎቹ መልእክት ቢልኩላት እሷ ላፕቶፕ ላይ ግራፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኢንተርኔታቸው ችግር መስሏት «ሪፍሬሽ አድርጉ» አለቻቸው። የፈተናው ሰዓት እየሄደ ነበር።

ስለዚህ በእናንተው አካውንት፣ በለመዳችሁት ብራውዘር ያያችሁትን አትመኑ። የብራውዘሩን የግል መስኮት፣ ማለትም ኢንኮግኒቶውን ክፈቱ። አዲሱ ፕላትፎርም ላይ ብቻ በሙከራ ተማሪ አካውንት ግቡ፤ አሮጌውን አትክፈቱት። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ እለፉባቸው። የተሰበረው ሁሉ እዚህ ራሱን ያጋልጣል።

ገጹ ብዙ ከሆነ ደግሞ የምወደው ዘዴ አለ። ሁሉን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አዲሱን ኮርስ መልሳችሁ በኮመን ካርትሪጅ ኤክስፖርት አድርጉት። የሚወጣው ፋይል ስሙ ይለይ እንጂ ዚፕ ነው። የስሙን መጨረሻ ዚፕ ብላችሁ ቀይሩና ፍቱት። ፎልደሩን እንደ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ወይም ቪኤስ ኮድ ባለ ኤዲተር ከፍታችሁ በሁሉም ፋይሎች ውስጥ የአሮጌውን ፕላትፎርም አድራሻ ፈልጉ። የመጣው ውጤት ሁሉ ገና ያልተሻገረ ምስል ወይም ሊንክ ነው። ካንቫስ ላይ ከሆናችሁ ኮርስ ሴቲንግ ውስጥ ሊንኮችን የሚፈትሽ መሣሪያም አለ፤ ይጠቅማል። ሆኖም ሊንኩ መከፈት አለመከፈቱን እንጂ ወደ ትክክለኛው ምዕራፍ መውሰዱን አያውቅም።

ማስተካከያው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፦ ምስሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ አዲሱ ኮርስ የፋይል ማስቀመጫ ላይ ስቀሉ፣ የድሮውን ከገጹ አጥፍታችሁ አዲሱን አስገቡ። ቪዲዮን ግን ኮርሱ ውስጥ አትስቀሉ። ጥቅሉን ያከብደዋል፤ በሚቀጥለው ለውጥም ያው ጣጣ ይመጣል። ኮሌጁ የሚጠቀምበት የቪዲዮ ማስቀመጫ ላይ አኑሩትና ሊንኩን ብቻ አምጡ።

ጥያቄዎችና ማርክ

ምርጫና እውነት ሐሰት ብዙ ጊዜ ደህና ይሻገራሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ የሚቀያየር የስሌት ጥያቄ፣ አዛምድና ባዶ ቦታ ሙላ ግን አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። በቁጥር የሚመለሱት ላይ የተፈቀደው የልዩነት መጠን አብሮ መምጣቱን አረጋግጡ፤ 9.8 ብሎ የሚጠብቅ ሲስተም 9.81ን ስህተት ሊለው ይችላል። በአማርኛ የሚሞላ ጥያቄ ካላችሁ ደግሞ ተቀባይነት ያላቸው አጻጻፎች በሙሉ መኖራቸውን እዩ። ኮምፒውተር «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ መሆናቸውን አያውቅም። የመልሶቹ ዝርዝር ተቆርጦ አንዱ ብቻ ከቀረ በትክክል የመለሰ ተማሪ ዜሮ ያገኛል።

የፈተናውን የሰዓት ገደብ፣ የሙከራ ብዛትና መልስ መቼ እንደሚታይ ከነጭራሹ እንደ አዲስ ሙሏቸው። ፈልጎ ከማረም ይፈጥናል።

የማርክ መዝገቡን በአንድ የሙከራ ተማሪ ፈትኑት። አሳይመንት 20፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50 በመቶ ነው እንበል፤ ሦስቱም ከ100 የታረሙ ናቸው። ለሙከራው ተማሪ 100፣ 50 እና 60 ስጡት። ድምሩ 65 መምጣት አለበት። 70 ካለ ክብደቱ አልተሻገረም፣ ሲስተሙ ሦስቱን እኩል እያየ ነው። ከዚያ የፋይናሉን አጥፍታችሁ ምን እንደሚል እዩ። አንዳንዱ አቀማመጥ ያልታረመውን እንደ ዜሮ ይቆጥራል፤ ሌላው ይዘለዋል። ዜሮ ተብሎ የሚቆጠር ከሆነ ተማሪዎቻችሁ ሴሚስተሩን ሙሉ የወደቁ መስለው ነው የሚታዩት። ያላግባብ የሚሳቀቁትን ከወዲሁ አድኗቸው።

ለተማሪዎች ስትከፍቱ

ኮርሱን ለሁሉም ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ተማሪ ወይም የላብ ረዳት በስልክ እንዲገባበት ጠይቁ። አብዛኛው ተማሪ በስልክ ነው የሚያየው፤ ሰፊ ሰንጠረዥ ያለባቸው ገጾች እዚያ ላይ ይቆረጣሉ።

አሮጌው ፕላትፎርም የሚዘጋበትን ቀን ከአይቲ ክፍሉ በኢሜይል ተቀበሉ፣ በቃል የተነገረ ቀን አይበቃም። ባለፈው ሴሚስተር ማርክ ላይ ቅሬታ የሚያቀርብ ተማሪ ካለ ፈተናውና መልሱ እዚያ ነው ያሉት። የቅሬታ ጊዜው ከመዝጊያው ቀን በኋላም የሚቀጥል ከሆነ መዝጊያውን እንዲያራዝሙ ጠይቁ። አሮጌው ኮርስ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የአዲሱን ሊንክ ለጥፉ፤ በለመደው መንገድ የሚገባ ተማሪ አይጠፋም።