የጥንቸል ራጅ የውሻ ራጅ አይደለም፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ለምታክሙ ባልደረቦቼ ነው የምጽፈው። አብዛኞቻችን ራጅ ማንበብ የለመድነው በውሻና በድመት ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ፊልም አንሱ፤ አንድ በጎን፣ አንድ በጀርባ።

መብላት አቁማለች፣ በጠጥም አትጥልም

ፊልሙ ላይ ጨጓራዋ ሙሉ ነው። «ሳትበላ እንዴት ሞላ? ፀጉር ቋጥራለች» ለማለት አትቸኩሉ። የጤነኛ ጥንቸል ጨጓራ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ራሷን ስትልስ ስለምትውጠው ፀጉርም ይገኝበታል።

መታየት ያለበት የጨጓራው ቅርጽና ጋዙ ያለበት ቦታ ነው። ምግቡ ደርቆ መሃል ላይ ተሰብስቦ ጋዝ ከከበበው፣ ዕውር አንጀቷም (የትልቁ አንጀት መነሻ የሆነው ከረጢት) ከተነፋ፣ አንጀቷ መንቀሳቀስ አቁሟል። ፈሳሽ፣ የህመም ማስታገሻ፣ ሙቀት፣ ከዚያም በሲሪንጅ ምግብ ስጧት። መነሻውንም ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የድርቆሽ ማነስ ወይም የጥርስ ህመም ነው።

ጨጓራው እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በፈሳሽና በጋዝ ከተወጠረ ግን መዘጋትን ጠርጥሩ። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ስለዚህ በአፏ ምንም አትስጡ። ህመሟን አስታግሱ፣ ፈሳሽ በደም ሥር ስጡ፣ ጨጓራውን በቱቦ አስተንፍሱ፣ ለቀዶ ጥገናም ተዘጋጁ። ካልለየላችሁና ከተረጋጋች፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ራጁን ድገሙት። ጋዙ ከጨጓራው ወደ አንጀት ከወረደ ተስፋ አለ።

ዓይኗ ያለቅሳል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል

ጭንቅላቷን ራጅ አንሱ። ጥንቸል 28፣ ጊኒ ፒግ 20 ጥርስ አላቸው፤ ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። ሥሩ የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ ካሳበጠ፣ ወይም የላይኛው የፊት ጥርስ ሥር የእንባ ቧንቧውን ከተጫነ፣ ምክንያቱን አገኛችሁት። በማደንዘዣ ጥርሱን በመሞረጃ ማሽን አስተካክሉ። በጥፍር መቁረጫ አትቁረጡት፤ ይሰነጠቃል።

ሽንቷ ቀይ ነው

መጀመሪያ ሽንቱን መርምሩ፤ ደም ሳይሆን ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል የተረፋትን ካልሲየም በሽንት ስለምታስወጣ ፊኛዋ ፊልሙ ላይ ትንሽ ነጣ ቢል አያስደነግጥም። እያማጠች ከሆነና ፊኛው በነጭ ዝቃጭ ከሞላ ግን ይታጠብ። ጠርዙ የጠራ ጠጠር ከታየ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ሽንቱ ውስጥ ደም ተገኝቶ ሴቷ ካልተመከነች ማህፀኗን እዩ። እብጠት ካለ ደረቷንም ራጅ አንሱ፤ የማህፀን ካንሰር ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ሳንባዋ ነጭ መሰለ

የፊት እግሮቿ ደረቷ ላይ ተደርበው ይሆናል። ወደ ፊት ስባችሁ ድገሙት። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ጠረጴዛው ላይ አታስተኟት። ኦክስጅኑ ይቅደም።