ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ) መንገደኞች ፍተሻን ያለ እንግልት ለማለፍ

ሙሉ ሰውነትን የሚቃኙት የአውሮፕላን ማረፊያ ማሽኖች ብዙዎቹ የተሠሩት ፈታሹ መንገደኛውን በዓይኑ ገምቶ የወንድ ወይም የሴት ቁልፍ እንዲጫን ተደርጎ ስለነበር፣ ከተጫነው ቁልፍ ጋር ያልተስማማ አካል ሲያጋጥም በስክሪኑ ላይ ካለው የሰው ቅርጽ ደረት ወይም ብሽሽት ላይ ምልክት ይወጣል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ይህን አሠራር ጾታ በማይጠይቅ ሶፍትዌር እንደሚተካው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ስለዚህ ምልክቱ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ፈታሹ እጁን ከማሳረፉ በፊት «ፍተሻው በተለየ ክፍል፣ አብሮኝ ያለው ሰው ባለበት ይሁንልኝ» ብለው በእርጋታ ይጠይቁ። ማን እንደሚፈትሽዎት የሚወስነው ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድሞ አጣርቶ መሄድ ይበጃል።

ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም የሚጠሩበት ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይሁን፤ ያማል፣ ግን ከበር ከመመለስ ይሻላል። የደረት ማሰሪያ (ደረትን ጠፍጣፋ የሚያስመስል ጥብቅ ልብስ) የሚለብሱ ከሆነ የብረት ማያያዣ የሌለውን ይምረጡ። የሆርሞን መድኃኒትና መርፌ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ልብስዎን ገልጠው ከሥር የለበሱትን እንዲያሳዩ ከተጠየቁ ግን የፈረቃውን ኃላፊ ያስጠሩ፤ ሰዓቱንና የፍተሻ መስመሩን ቁጥርም ወዲያው ይመዝግቡ።